ያደገ ልብ፤ የደም ግፊትና የአካል ልምምድ በሕክምና ታሪክ

ጡንቻ ሁሉ ሥራ ሲበዛበት ያድጋል። የአናጢ ክንድና የደገኛ መንገደኛ ባት የሚፈረጥሙት በዚህ ሕግ ነው። ልብም ጡንቻ እንደ መሆኑ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ይሁን እንጂ በልብ ላይ ሥራ የሚበዛው በሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች ነው። አንደኛው ከፍተኛ የደም ግፊት፣ በተለምዶ የደም ብዛት የሚባለው ሕመም ነው። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፤ ግፊቱ ከ120 ወደ 180 ከፍ ያለበት ሰው ልብ እያንዳንዱን ምት የሚመታው በግማሽ ያህል የጨመረ ሸክም ተቋቁሞ ነው፤ በእንቅልፍ ሰዓት እንኳ ሸክሙ ፈጽሞ አይወርድለትም። ሁለተኛው የአካል ልምምድ ነው። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም የሚረጨው ልብ፣ በሚገባ የሠለጠነ ሯጭ በብርቱ ሲሮጥ 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊረጭ ይችላል፤ ሩጫው ሲያበቃ ግን ያርፋል።

በሁለቱም ምክንያት ልብ ያድጋል፤ ዕድገቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሕክምና ጥበብ ይህን ልዩነት ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ብዙ ሐኪሞች የጤነኛውን ስፖርተኛ ልብ ሲፈሩ፣ በግፊት የተጨነቀውን ልብ ደግሞ ሳይነኩት ሲተውት ኖረዋል። ከዚህ በታች የሚተረከው የዚህ ስሕተትና የመታረሙ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ግፊትን ስለ መለካት

የደምን ግፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለክተው ያሳዩት ሐኪም ሳይሆኑ እንግሊዛዊ ቄስ ነበሩ። ስቲቨን ሄልስ በ1733 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በአንዲት ባዝራ የደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ የናስ ቱቦ አስገብተው በላዩ ረጅም የመስተዋት ቱቦ አቆሙ፤ ደሙም በመስተዋቱ ውስጥ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ ታየ። ይህ አስደናቂ ሙከራ ለሰው የሚሆን አልነበረምና ለብዙ ዘመን ተከታይ አጣ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1836 በለንደን ጋይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ብራይት፣ በኩላሊት ሕመም የሞቱ 100 ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ ውጤት በሠንጠረዥ አቀረቡ። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ልባቸው ገዝፎ ተገኘ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የልብ ክዳን ሕመም አልነበረባቸውም። ብራይት የግፊት መለኪያ ሳይኖራቸው ወደ እውነቱ ተጠጉ። ደሙ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ለማለፍ ስለሚቸገር ልብ እንዲያልፍ ለማድረግ ከወትሮው የበለጠ ይሠራል፤ ስለዚህም ይገዝፋል የሚለውን አሳብ ሰነዘሩ።

የጎደለው መሣሪያ የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰርና በአየር የሚነፋ የግፊት መለኪያ በቶሪኖ ከተማ ሠሩ። በ1905 ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ የሩሲያው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ በመከተል የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አስረዱ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። ስለዚህ ከ1905 ወዲህ ለተሠራው ስሕተት የመሣሪያ እጦት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የስፖርተኛ ልብ የተፈራበት ዘመን

በዚያው ዘመን የስፖርተኛ ልብ ጉዳይ ሌላ ክርክር አስነሥቶ ነበር። በ1867 ስኬይ የተባሉ የለንደን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ለታይምስ ጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ፣ የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚያደርጉት የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ጤናን የሚጎዳ ነው ሲሉ አስጠነቀቁ። በወጣትነታቸው ቀዛፊ የነበሩት የማንቸስተሩ ሐኪም ዶክተር ጆን ሞርጋን ግን በአሳብ ከመከራከር ይልቅ መቁጠርን መረጡ። ከ1829 እስከ 1869 የቀዘፉትን ሰዎች አንድ በአንድ ተከታትለው በ1873 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀዛፊዎቹ ከሚጠበቀው ዕድሜ ሁለት ዓመት ያህል ጨምረው እንደሚኖሩ አሳዩ።

በ1899 ስዊድናዊው ሐኪም ሳሎሞን ሄንሸን በበረዶ መንሸራተቻ የሚወዳደሩ ሰዎችን ከውድድሩ በፊትና በኋላ መረመሩ። መሣሪያቸው ጣታቸው ነበር፤ ደረትን እየመቱ ከሚሰማው ድምፅ የልብን ወሰን ይለኩ ነበር። የተወዳዳሪዎቹ ልብ ከሌላው ሰው ልብ የሰፋ መሆኑን አገኙ። እዚህ ላይ ሄንሸን የደረሱበት ፍርድ ከዘመናቸው የቀደመ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ትልቅ ልብ ከተራው ልብ የበለጠ ሥራ ሊሠራ የሚችል እንጂ የታመመ አይደለም አሉ።

ይህ ቃል ግን በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ሐኪሞች በየዕለቱ በሆስፒታል የሚያዩት ትልቅ ልብ የሕመምተኛ ልብ በመሆኑ፣ ልብ ካደገ ታሟል የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። የዚህ እምነት ሰለባ ከሆኑት አንዱ አሜሪካዊው ሯጭ ክላረንስ ዲማር ነው። በ1911 የቦስተን ማራቶን ከመጀመሩ በፊት የመረመረው ሐኪም በልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ በመስማቱ፣ ድካም ከተሰማው እንዲያቋርጥና ይህም የመጨረሻ ውድድሩ እንዲሆን መከረው። ዲማር በዚያ ቀን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ከዚህ ውድድር ራቀ፤ ለመራቁም የሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አንዱ ምክንያት ነበር። ተመልሶ በመጣ ጊዜ ግን በ1922 እና በ1930 መካከል ስድስት ጊዜ አሸነፈ፤ የመጨረሻውን የቦስተን ማራቶን የሮጠውም በ1954፣ በ65 ዓመት ዕድሜው ነው።

ያልተነካው ግፊት

ስፖርተኛው እንዲህ ሲከለከል የደም ግፊት ሕመምተኛው በበኩሉ ምን ይባል ነበር? መልሱ አሳዛኝ ነው። በ1911 ጀርመናዊው ሐኪም ፍራንክ ምክንያቱ ላልታወቀው የደም ግፊት በሰጡት ስያሜ ውስጥ የገባው ቃል በሕክምና ቋንቋ «በራሱ የቆመ» ማለት ሲሆን፣ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተራ ንግግር ግን «አስፈላጊ» የሚል ትርጉም አለው። የስያሜው ድምፅና የዘመኑ አስተሳሰብ ተስማሙ። የደም ሥሮች ከዕድሜ ጋር ስለሚጠነክሩ ደሙ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት እንዲደርስ ግፊቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ግፊቱን መቀነስ ሰውየውን መጉዳት ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የቦስተኑ ታላቅ የልብ ሐኪም ዶክተር ፖል ዳድሊ ኋይት እንኳ በ1931 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ፣ ከፍተኛ ግፊት ሰውነት ራሱን የሚረዳበት ዘዴ ሊሆን ስለሚችል መነካት የሌለበት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። በዚያ ጊዜ ግፊትን በደኅና የሚቀንስ መድኃኒት አለመኖሩም ለዚህ አስተሳሰብ አመቺ ነበር።

የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ በዓለም ፊት የታየው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በፍራንክሊን ሩዝቬልት ላይ ነው። ግፊታቸው በ1935 136 በ78 ነበር፤ በ1937 162 በ98፣ በ1941 ደግሞ 188 በ105 ሆነ። ቁጥሮቹ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ዳሩ ግን የግል ሐኪማቸው ለዕድሜያቸው የሚገባ ነው ይሉ ነበር። በመጋቢት 1944 ወጣቱ የልብ ሐኪም ዶክተር ሃዋርድ ብሩን በቤተዝዳ የባሕር ኀይል ሆስፒታል ሲመረምሯቸው ልባቸው በጣም ገዝፎ፣ የልብ ድካምም ጀምሯቸው አገኙ። ዲጂታሊስ፣ ጨው የቀነሰ ምግብና ዕረፍት ታዘዘላቸው፤ ዘመኑ ሊሰጥ የሚችለው ይህን ያህል ነበርና። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ፕሬዚዳንቱ ከፍተኛ የራስ ምታት ተሰማቸው፤ ግፊታቸው ከ300 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ቀን በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ዶክተር ብሩን የሕመማቸውን ዝርዝር ያሳተሙት በ1970 ነው።

ከሩዝቬልት ሞት በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1948 በማሳቹሴትስ ግዛት የፍራሚንግሃም ከተማን ነዋሪዎች ለብዙ ዓመታት የሚከታተል ጥናት ተጀመረ፤ ከፍተኛ ግፊት ለልብ ድካምና ለአንጎል ደም መፍሰስ ዋና መንገድ ከፋች መሆኑ ከዚህ ጥናት ታወቀ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለመዋጥ የሚመቹና ከባድ ጉዳት የማያስከትሉ መድኃኒቶች ተገኙ። በ1967 ደግሞ በዋሽንግተን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ፍራይስና ጓደኞቻቸው፣ የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 በሆነ 143 ወንዶች ላይ የተደረገ ሙከራ አቀረቡ። እውነተኛ መድኃኒት ካልተሰጣቸው መካከል 27ቱ በከባድ ችግር ሲወድቁ፣ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል የወደቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1970 ግፊታቸው ከዚህ ዝቅ ባሉ 380 ሰዎች ላይም መድኃኒቱ እንደሚጠቅም ታየ። ግፊቱ «አስፈላጊ» ነው የሚለው እምነት በዚህ ተደመደመ።

ስለ እንቅስቃሴ የነበረው አሳብ መለወጥ

በሌላው ወገን የአካል እንቅስቃሴ ክብር እየተመለሰ ነበር። በ1953 ዶክተር ጄረሚ ሞሪስ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ያጠኑትን አሳተሙ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሾፌሮች፣ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአውቶቡስ ደረጃዎችን እየወጡና እየወረዱ ትኬት ከሚቆርጡት ባልደረቦቻቸው ይልቅ በልብ ደም ሥር ሕመም ይበልጥ ይጠቁ ነበር።

በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በልብ ሕመም ሲመቱ የተጠሩት እነዚያው ዶክተር ኋይት ነበሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ለብዙ ሳምንታት ከአልጋ አይነሣም ነበር፤ ኋይት ግን ፕሬዚዳንቱ ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ እንዲመለሱ መከሩ። እሳቸው ራሳቸው በእግርና በብስክሌት መሄድን የሚያዘወትሩ ሰው ነበሩ። ዲማር በ1958 በካንሰር ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረ፤ ውጤቱንም ዶክተር ከረንስ ከዶክተር ኋይት ጋር በ1961 አሳተሙ። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ከተራው ሰው ቧንቧ በሁለትና በሦስት እጅ የሰፉ ነበሩ። በ1931 ግፊትን አትንኩ ከሚሉት ወገን የነበሩት ሐኪም፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የስፖርተኛን ልብ ከጥርጣሬ ነጻ ለማውጣት ምስክር ሆኑ። በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ አሳብን እስከዚህ ማረም ለሙያው ክብር እንጂ ነቀፋ አይሆንም።

በሕይወት ያለን ልብ ስለ ማየት

የሁለቱን ልብ ልዩነት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለማየት አዲስ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትዝ፣ በማልሞ የመርከብ ሥራ ድርጅት ውስጥ የብረትን ስንጥቅ ለመፈለግ ይሠራበት የነበረውን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተውሰው በሰው ደረት ላይ አኖሩት። የልብ አልትራሳውንድ የተጀመረው በዚህ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ የልብ ግድግዳ ውፍረትና የክፍሎቹ ስፋት በሚሊ ሜትር ሊለካ ተቻለ።

በ1975 ዶክተር ሞርጋንሮትና ባልደረቦቻቸው በዚህ መሣሪያ ስፖርተኞችን መርምረው አሳተሙ። የሯጮችና የዋናተኞች የግራ ታችኛ የልብ ክፍል ውስጡ ሰፍቶ ሲገኝ፣ የታጋዮችና የአሎሎ ወርዋሪዎች ግን ግድግዳው ወፍሮ ተገኘ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሁለተኛውን ወገን ለውጥ መጠን አነስ ቢያደርጉትም፣ የሥራው ዓይነት የልብን ቅርጽ ይወስናል የሚለው መሠረታዊ አሳብ ጸንቷል። በዚያው ዓመት ዶክተር ግሮስማንና ጓደኞቻቸው ምክንያቱን በፊዚክስ ሕግ አስረዱ። ግፊት ሲጨምር በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይጨምራል፤ ልብም ግድግዳውን በማወፈር ውጥረቱን ለብዙ ሥጋ ያካፍላል። የሚመለሰው ደም መጠን ሲበዛ ደግሞ ክፍሉ ይሰፋል፤ ግድግዳውም ከስፋቱ ጋር ተመጣጥኖ ይጨምራል።

በደም ግፊት የወፈረው ግድግዳ መጀመሪያ ለጊዜው የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን በጡንቻው መካከል ጠባሳ መሰል ጅማት ይበዛል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ከጡንቻው ዕድገት ጋር እኩል አይጨምሩም፤ ግድግዳውም ስለሚገትር ልብ ዘና ብሎ በደም ለመሞላት ይቸገራል። ሕመምተኛው በደረጃ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ ገና በብርቱ እየረጨ ሳለም ሊሆን ይችላል። በልምምድ ያደገው ልብ ግን የደም ሥሮቹም አብረው ያድጉለታል፤ በፍጥነት ዘና ይላል፤ በዕረፍት ጊዜም በደቂቃ ከ50 በታች እየመታ ሥራውን ይወጣል። ስፖርተኛው ልምምዱን ለሦስት ወር ያህል ቢያቆም ግድግዳው እንደገና ሊሳሳ መቻሉ፣ ዕድገቱ ሕመም አለመሆኑን ያስረዳል። በ1991 በጣሊያን የወጣ ጥናት እንዳሳየውም ከ947 ምርጥ ስፖርተኞች መካከል የልባቸው ግድግዳ 13 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘው 16ቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እጅግ የወፈረ ግድግዳ «ስፖርተኛ ነውና» ተብሎ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

የግፊቱ ከፍታ ብቻም ጉዳቱን አይወስንም። በ1985 በካናዳ በተደረገ ሙከራ፣ ከባድ ክብደት በእግራቸው በሚገፉ ሰዎች ክንድ ውስጥ በቀጥታ ሲለካ ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደርሶ ነበር። ይህ ግፊት ለሰከንዶች ስለሚቆይ የጤነኛን ሰው ልብ አላበላሸም። ልብን የሚያደክመው የማያቋርጠው ሸክም ነው።

ሁለቱ በአንድ ልብ ላይ ሲገናኙ

ከዚህ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ቀረ። ግፊት አስቀድሞ ባገዘፈው ልብ ላይ ልምምድ ቢጨመር ይጠቅማል ወይስ በሸክም ላይ ሸክም ይሆናል? በ1982 በኒው ዮርክ ዶክተር ጄምስ ሾየርና ባልደረቦቻቸው የኩላሊት ደም ቅዳቸው እንዲጠብ በማድረግ አይጦችን የደም ግፊት ሕመምተኛ አደረጉ፤ ከእነዚህም ከፊሎቹ በየጊዜው እንዲዋኙ ተደረገ። ግፊት ብቻ ያለባቸው አይጦች የልብ ጡንቻ ፕሮቲን የሥራ ኀይሉ ቀንሶ ሲገኝ፣ በሚዋኙት ላይ ግን ጉድለቱ ተስተካክሎ ተገኘ። በልምምድ የሚመጣው ዕድገት በግፊት የመጣውን ብልሽት ሊያርም መቻሉ ታላቅ ዜና ነበር፤ የልብ ክብደት ብቻውን በሽታን እንደማይመሰክርም አረጋገጠ።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ በ1995 ከዋሽንግተን ከዚያው ዶክተር ፍራይስ ከሠሩበት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ወጣ። ዶክተር ፒተር ኮኪኖስና ባልደረቦቻቸው ከባድ የደም ግፊት ያለባቸውን 46 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች በመድኃኒት ካረጋጉ በኋላ፣ ከፊሎቹ ለ16 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት እንዲለማመዱ አደረጉ። የተለማማጆቹ የታችኛ ግፊት ከ88 ወደ 83 ወረደ፤ የወፈረው የልብ ግድግዳም ሳሳ። ከ32 ሳምንታት በኋላ መድኃኒታቸው ቢቀነስላቸውም ግፊታቸው ዝቅ እንዳለ ቆየ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ በመጀመሪያ ግፊቱ በመድኃኒት ተገታ፤ ከዚያም መጠነኛ ልምምድ ተከተለ። ልምምድ የመድኃኒት ረዳት እንጂ ከባድ ግፊት ላለበት ሰው መድኃኒቱን የሚያስጥል ምክንያት አይደለም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ፣ የሠለጠነ ልብ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ዓለም አይቷል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በሯጮቿ ትታወቃለች፤ ይህም ዝና ሕዝቡ በእግሩ የሚሄድ፣ የደም ብዛትም የከተማና የሀብታም በሽታ ነው የሚለውን አሳብ አጠንክሮታል። በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሕክምና ያልጀመሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በእግር መሄድ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከሕመሙ ፈጽሞ ዋስትና አይሰጥም፤ ሯጭም ቢሆን ግፊቱ ሊጨምር ይችላል።

የዲማር ሐኪም በ1911 የሰማው ድምፅ፣ የሩዝቬልት ሐኪምም በ1941 የጻፈው ቁጥር እውነተኛ ነበር። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። ዛሬ ትርጉሙ ታውቋል፤ የሚያስፈልገው መሣሪያም በክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅና ማዳመጫ ብቻ ነው። እንግዲህ የቀረው፣ ለሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣው ሰው ሁሉ ክንዱ ሳይለካ እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ሳይለካ የተመለሰው ሰው ልቡ ከሩዝቬልት ልብ ባላነሰ ዝምታ ሊገዝፍ ይችላልና።